የእንገር አስተማሪ

ስምንት ዓመት ሙሉ እንጀራዬ የሰው ጡት ነበር። ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከክትባት ካርድና ከፓራሲታሞል ሌላ አንድ የጨርቅ ጡት ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ። በሹራብ ክር የተሠራ ነው፤ ቡናማ፣ ጫፉ ላይ ጠቆር ያለ ክር የተቋጠረበት። ሕፃናት ሲያዩት ያለቅሳሉ፤ ሽማግሌዎች ሲያዩት ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ። አንድ ቀን ደጅ አስቀምጬው የሰው ቤት ውሻ አንጠልጥሎት ሮጠ፤ የመንደሩ ሰው በሙሉ «የመንግሥትን ጡት ውሻ በላው!» እያለ አብሮኝ አሳደደ። ክብሬ እስከዚህ ድረስ ነበር።

የማስተምረው ነገር አጭር ነው። ልጅ እንደተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫና ወፍራም ወተት፣ እንገር የምንለው፣ አይደፋ፤ ለልጁ እንደ መጀመሪያ ክትባቱ ነው። እስከ ስድስት ወር ድረስ ውሃም ቢሆን አፉ አይግባ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህችን ለመማር ስንት ስልጠና ገባሁ መሰላችሁ! ሰበታ ሦስት ቀን፣ ሆለታ ሦስት ቀን፣ ደግሞ እንደገና ሰበታ ሦስት ቀን። ያው አሰልጣኝ፣ ያው አሻንጉሊት፣ ያው ምሳ። አሰልጣኛችን ወንድ ነበር። አሻንጉሊቷን ክራባቱ ላይ አስጠግቶ «እናትየዋ ዘና ማለት አለባት» ይለናል፤ ከፊቱ ከተቀመጥነው ሴቶች ግማሾቹ የሚጠባ ልጃቸውን ለጎረቤት ጥለው የመጡ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ላይ የአንዷ ሸሚዝ በወተት ሲርስ አይቼ ነጠላዬን አቀበልኳት። አሰልጣኙ ያኔ ጡት የማጥባትን ጥቅም እየዘረዘረ ነበር፤ ገና ግማሹ ላይ ነው።

ከስልጠና መልስ ደግሞ ወደ እናቶቹ። በኛ አካባቢ ልጅ እንደተወለደ፣ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ለጋ ቅቤ በጣት ያስውጡታል፤ «ጉሮሮው ይለስልስ፣ አንጀቱ ይፍታታ» ተብሎ። እንገሩ ደግሞ «ያደረ ወተት ነው፣ ሆድ ይነፋል» ተብሎ ይደፋል፤ ነጩ ወተት እስኪመጣ ልጁ በስኳር ውሃ ይቆያል። እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እገባለሁ። «ምን ሰጣችሁት?» እላለሁ። «ምንም» ይላሉ። የልጁ ከንፈር በቅቤ እያበራ «ምንም»! እኔም «ጎበዝ እናት!» ብዬ ባዶ እጽፋለሁ። በመዝገቤ መሠረት በቀበሌዬ ቅቤ የዋጠ ሕፃን ከጠፋ አራት ዓመት ሞልቶታል። ለዚህም ስብሰባ ላይ አስነሥተው አስጨብጭበውልኛል። እኔም አላፈርኩም፤ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

ከሁሉ የሚያንጨረጭረኝ ሱሉልታ የወተት አገር መሆኑ ነው። እዚህ ላም ስትወልድ ቤተሰቡ በሙሉ ከበረቱ ደጃፍ ይቆማል። ጥጃው ገና እግሩ ሳይጠና አንዱ ደግፎት፣ ሌላው ጡቱን አፉ ውስጥ ከትቶለት ያንን ቢጫ እንገር ያጠጡታል። ጥጃው ሳይጠግብ ከዚያ ጠብታ የሚነካ ሰው ቢገኝ ጉዱ ፈላ። ታዲያ እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ «ለጥጃችሁ የማትነፍጉትን ለልጃችሁ ትነፍጋላችሁ?» ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ሴቶች ሰብስቤ እንዲህ ስል፣ ቦቲ ጫማ አጥልቀው እበት የሚዝቁ አንዲት ሴትዮ አካፋቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ላም ሣር ነው የምትበላው፤ እንገሯም ንጹሕ ነው። ሰው ግን የማይበላው ምን አለ? ሽሮ ይበላል፣ በርበሬ ይበላል፣ ሲብስበት ሰው ይበላል። ያ ሁሉ ዘጠኝ ወር ጡት ውስጥ ተጠራቅሞ እሱን ለልጅ ላጠጣ?» ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የሴትዮዋ ልጅ ግቢው ውስጥ መኪናውን እያጠበ ነበር፤ ከሁሉም በላይ እሱ ሳቀ። እኔ የጨርቅ ጡቴን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። ልጅየው ባሌ ሆነ፤ ሴትዮዋ አማቴ።

አማቴን ባሌም እኔም «ሀርሜ» ነው የምንላቸው፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። ስምንት ላሞች አሏቸው። ላሞቻቸውን በኦሮምኛ ያባብላሉ፣ ሰውን በአማርኛ ይሰድባሉ፣ በጣም ሲናደዱ ሁለቱንም ያደባልቃሉ። ባሌ የሳቸውንና የጎረቤቶቹን ወተት በፒክአፕ እየሰበሰበ አዲስ አበባ ያደርሳል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሀርሜ «ምራቴ ናት፤ ለወለደ ሁሉ ታስተምራለች፤ ራሷ ገና አልወለደችም» ብለው ያስተዋውቁኛል። ከዚያ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው ይተርታሉ። እንግዳው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

እኔ ያደግኩት ቡራዩ ነው፤ ከተማ ነኝ ባይ ነኝ። ሳረግዝ ሀርሜን ቁጭ አድርጌ በግልጽ ነገርኳቸው። «ሀርሜ፣ የኔ ልጅ ቅቤ አይውጥም። የስኳር ውሃ የለም። አብሽ የለም። እንገሩም አይደፋም።» በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ «እሺ» አሉ። የዚያ አገር «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ ስምንት ዓመት የሠራሁበት ሰው አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? እኔ ግን ለሌላው እንጂ ለኔ «እሺ» ሲሉኝ እውነት መሰለኝ።

ምጤ የመጣው ጠዋት ነው፤ የወለድኩት እኩለ ቀን ላይ፣ ጤና ጣቢያ። ሴት ልጅ። ጮኻ ነው የወጣችው። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ብዙም ትዝ አይለኝም፤ ደም በዛብኝ፣ ብርድ አንቀጠቀጠኝ፣ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ሰኩልኝ። አዋላጇ አንድ ናት፤ አጠገቤ ሌላ ሴት እያማጠች ነው። ልጄን ጠቅልላ በር ላይ ለቆሙት ለሀርሜ ሰጠቻቸውና ወደኔ ተመለሰች። አልፈርድባትም፤ የሞት ሽረት ላይ ነበርን። ስምንት ዓመት የሰበክሁላት ያቺ ቅድስት አንድ ሰዓት የግሉኮሱን ከረጢት ስቆጥር አለፈች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ስነቃ ሀርሜ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጄ እቅፋቸው ውስጥ ናት። ከንፈሯ ያበራል። የነጠላቸው ጫፍ ላይ የተፈታ ቋጠሮ አለ።

«ምን ሰጧት?» አልኩ።

«ምንም» አሉ።

«ሀርሜ፣ ከንፈሯ ወዝቷል እኮ።»

«የማኅፀን ወዝ ነው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። «ይልቅ ጣቴን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው ብታዪ! ነከሰችኝ ማለት ይቀላል። ጎበዝ ናት።»

ያኔ መጮኽ ነበረብኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ እኔው ራሴ ከአልጋዋ አስነሥቼ በጮኽሁባት። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር አዋላጇ እንዳትሰማብኝ ፈራሁ። የእንገር አስተማሪዋ ልጅ ቅቤ ዋጠች ቢባል ምን ይውጠኛል? «በአንድ ጣት ቅቤ የሞተ የለም» አልኩ በሆዴ። ይህንኑ ቃል የተናገረች ሴት ፊት ስንት ጊዜ ፊቴን አጥቁሬ ወጥቻለሁ! ድንቄም አስተማሪ!

በማግስቱ ቤት ገባን። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ ገንፎ፣ አጥሚት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ልጄን ጡቴ ላይ ሳስጠጋት ትንሽ ልሳ ትተወዋለች፤ ሆዷ በስኳር ውሃ ተሞልቷል። ሀርሜ በማንኪያ ሲያጠጧት አይቼ «ተዉ እንጂ» አልኩ። «ነጩ እስኪመጣልሽ ነው» አሉ። ከጡቴ ያ ቢጫ ነገር ጠብ ጠብ ሲል ጨርቅ ይዘው መጡ፤ «አሮጌው ነው፣ ወጥቶ ይለቅላት» ብለው ያልቡኝ ጀመር። የላም አላቢ እጅ ነው ያላቸው፤ አያምም። «አይሆንም ሀርሜ፣ አይሆንም» አልኩ። ግን እንዴት እንዳልኩት ታውቃላችሁ? «በቃኝ፣ በቃኝ» እያለ ለጉርሻው አፉን እንደሚከፍት እንግዳ። እንገሬ ጨርቅ ላይ ቀረ፤ ጨርቁም ታጥቦ ከሌላው ልብስ ጋር ተሰጣ።

ልጄ ተኛች። እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው! ሰው ሲመጣ ትተኛለች፣ ሰው ሲሄድ ትተኛለች፣ ዕልልታው ቤቱን ሲያናውጠው ትተኛለች። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» አሉ ሁሉም። «እናቷን አታስቸግር፣ አታለቅስ!» አንዷ ጎረቤታችን «የኔዎቹ ሲያለቅሱ ሆለታ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ይቺ ግን ካህን ትመስላለች» አለች። ባሌ ከወተት መልስ እየገባ ፎቶ ያነሣታል፤ በቴሌግራም ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሳይቀር ልኮ «ምንም አታስቸግርም» ብሎ ይጽፍበታል። እኔም ኮራሁ። አዎ፣ ኮራሁ! አሳዳጊዬ የተመሰገነች ይመስል፣ ገና ሁለት ቀን ያልሞላትን ልጅ ጨዋነት ከኔ የወረሰችው መሰለኝ።

የማስተምርበት ፖስተር ገጽ በገጽ የሚገለበጥ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ አንድ ሕፃን አለ። ከሥሩ «የአደጋ ምልክቶች» ይላል፦ ጡት አይጠባም፣ ብዙ ይተኛል፣ አያለቅስም፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ያንን ገጽ ስንት ጊዜ እንደገለበጥኩት ቤቱ ይቁጠረው። ያ ፖስተር ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ተጠቅልሎ ቆሟል። ልጄ ደግሞ ከሱ ሁለት ክንድ ርቃ ተኝታለች። የፖስተሩ ሕፃን ሲታይ ያሳዝናል፤ ቆዳው አመድ ነው፣ ፊቱ ሽማግሌ። የኔዋ ግን ታምራለች፤ ጠጉሯ በቅቤ ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ሠዓሊው ቆንጆ ልጅ ሥሎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይገባኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሀርሜ ላሞቻቸውን አልበው ገቡ። ቦቲያቸውን እንኳ አላወለቁም። እጃቸውን ታጥበው ልጅቷን ከጎኔ አነሡና «እስቲ ጨዋዬ» አሉ። ትንሿን ጣታቸውን አፏ ውስጥ አደረጉ። ጠበቁ። ጣታቸውን አወጡና በውሃ አርሰው ደገሙ። እኔ ገንፎ እየበላሁ ነበር።

«ጣቴን አልያዘችም» አሉ።

«ተኝታ ነው ሀርሜ» አልኩ።

«ጣቴን አልያዘችም እኮ ነው የምልሽ!» ጮኹ። «ጣት የማይጠባ ጥጃ ከሰዓት አይደርስም! ዋቆ! እግሯ በረዶ ሆኗል! ካኢ! ተነሺ፣ ምን ትጎለቺያለሽ!»

የገንፎው ሳህን ከእጄ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው ልጄን ያየኋት። አራተኛው ገጽ ነበረች፤ ምንም ያልጎደላት አራተኛው ገጽ። «ልጄ ሞተች!» ብዬ ጮኽሁ። ሀርሜ በጥፊ አሉኝ። «አልሞተችም! ለሞተ ነው የሚለቀሰው፣ ዝም በይ!»

ባሌ ፒክአፑን ወተት ጭኖ ሊወጣ ነው። ሀርሜ በሩን ከፍተው እኔን ወደ ውስጥ ገፉኝ፣ እሳቸውም ከጎኔ ገቡ። «ጤና ጣቢያ!» አሉ።

«ወተቱስ? ሊበላሽ እኮ ነው፣ መጀመሪያ—» አለ ባሌ። ደንግጦ ነው፤ ሲደነግጥ የሚናገረው ይጠፋዋል።

«ይደፋ!» አሉ። ስምንት ላም ያላት የሱሉልታ ሴት፣ ወተት የፈሰሰበትን መሬት እንኳ በእግሯ የማትረግጥ ሴት፣ «ይደፋ!» አለች። ባሌ ሞተሩን አስነሣ።

መንገድ ላይ ሀርሜ ልብሴን እስከ ወገቤ ገፈፉት። ልጅቷን ራቁቷን አድርገው ጡቶቼ መሃል ለጥፈው ጋቢያቸውን ከላያችን ደረቡብን፤ ከጋቢው ላይ ደግሞ በሁለት እጃቸው አቀፉን። «እንዲህ ነው የሚሞቅ» አሉ። «ጥጃም ሲበርደው እንዲህ ነው።» ቆዳ ለቆዳ ይባላል ይህ፤ በአሻንጉሊት ስምንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። እሳቸው አንድም ቀን ስልጠና ገብተው አያውቁም። እኔ ትምህርቴ አንዲት ፊደል ሳትቀር ጠፍታብኝ «ማርያም፣ ማርያም» ብቻ እላለሁ።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ያችኑ ያዋለደችኝን አዋላጅ ነው። ልጅቷን ዳሰሰች፣ እግሯን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ታውቀኛለች፤ ስልጠና ላይ አብረን ምሳ በልተናል።

«መቼ ነው በደንብ የጠባችው?»

ጋቢውን ወደ ልጄ እግር ሳብኩ።

«ከጡት ሌላ ምን ወስዳለች?»

ይህን ጥያቄ እኔ ነበርኩ የምጠይቀው። መልሱ ደግሞ ምላሴ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልጄ እጄ ላይ እየቀዘቀዘች «ምንም» ልል አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ከልጄ ነፍስ ስሜ በልጦብኝ።

«ቅቤ» አሉ ሀርሜ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት። ስኳርም በጥብጬ ሰጥቻታለሁ። የሷንም ጡት በጨርቅ ያለብኩት እኔ ነኝ። እሷ አይሆንም ብላኝ ነበር።»

አዋላጇ አልተቆጣችም። ጊዜም አልነበራት። ጡቴን በእጇ ይዛ ወደ ትንሽ ኩባያ ማለብ ጀመረች። ጡቴ ድንጋይ ሆኗል፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ኩባያው ሥር አንድ ማንኪያ የማትሞላ ነገር ተጠራቀመች፤ ቢጫ፣ ወፍራም፣ የምታጣብቅ። እሷን በማንኪያ ጫፍ፣ ጠብታ በጠብታ፣ በልጄ ከንፈር መሃል አስገባች። የመጀመሪያው በጉንጯ ወረደ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ።

ሀርሜ ኩባያውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት። ጣታቸውን ነክረው በሁለት ጣት አሹት፣ አሸተቱት።

«ይሄማ እንገር ነው» አሉ።

«ነው ሀርሜ።»

«የላሟ ነው እኮ። ያው ነው።»

«ያው ነው።»

ኩባያውን ለአዋላጇ መለሱና ሄደው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ የጨርቅ ጡት ይዤ ዞርኩ፤ ከዚያ ጡት እንገር ወጥቶ አያውቅም። በዓይኗ አይታ፣ በጣቷ ነክታ የምታውቅን ሴት በጨርቅ ላሳምን ነበር የምደክመው። ያሰለጠነንም ሰው፣ እኔም፣ አንድ ቀን እንኳ «ይኸው፣ እዩት» ለማለት አላሰብንም።

ወደ ከተማ ሪፈር ተጽፎልን አምቡላንስ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። አዋላጇ በየጥቂት ደቂቃው ታልበኛለች፣ ለልጄ ጠብ ታደርግላታለች፤ እኔ ደረቴ ላይ ይዣት እንደ ዕቃ ተቀምጫለሁ። ከሰዓት በኋላ ላይ ልጄ ፊቷን አጨማደደች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ጩኸት ለቀቀች ብላችሁ! ባለጌ የሆነች ጩኸት! ጥርስ የሌለው አፏን እስከ ጆሮዋ ከፍታ፣ እግሯን እየወረወረች፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ። «እሰይ! ጩኺ!» አልኳት። «ጩኺ የኔ ባለጌ!» ሀርሜ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ዕልል አሉ። ዘበኛው መጥቶ «እማማ፣ በሽተኛ አለ» አላቸው። «አንተ ራስህ በሽተኛ!» ብለው ደገሙት። አምቡላንሱ በመጨረሻ ሲደርስ ልጄ ጡቴን ይዛ ነበር፤ እያመመኝ፣ እየደማብኝም ቢሆን አልነጠቅኳትም።

ወሬው በሳምንቱ ቀበሌውን አዳረሰ። አገር ሁሉ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለ፤ እኔም ብሆን እላለሁ። ባሌ ፎቶዎቹን ከስልኩ አጠፋቸው። አንዳንዶቹ ሴቶች ሊጠይቁኝ መጥተው ከገንፎው ይልቅ ፊቴን ሲበሉ ዋሉ። ይብሉ፤ የሚገባኝ ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ አጠባለሁ። ልጄ ስትጠባ ድምፅ አላት፤ ጎረቤት ይሰማል። ሀርሜ ከበረት መጥተው ድርቆሽ ክምሩ ሥር አጠገቤ ተቀመጡ። አተኩረው አዩአት። እኔ ደግሞ እንደ ልማዳቸው አንድ ነገር ሊተርቱብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣

«ከባልሽ በፊት ሁለት ወልጄ ነበር» አሉ። «ከሱ በኋላ ደግሞ አንድ። ሰባት ቀን የሞላው የለም።»

አላውቅም ነበር። ባሌም አልነገረኝም፤ ምናልባት እሱም አያውቅም።

«ቡዳ በልቷቸዋል አሉኝ። ለመጨረሻዋ ደግሞ ብርድ ነው አሉኝ። ሦስቱም አያለቅሱም ነበር። ሰው ሁሉ ሲያመሰግናቸው ደስ ይለኝ ነበር።» ከድርቆሹ አንድ ሰበዝ መዘዙና በጣታቸው ይሰብሩት ጀመር። «እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እኔ ነኝ?»

ስምንት ዓመት ይህን ሳልጠየቅ ስመልስ ኖሬያለሁ። ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ ጣቴን እየቀሰርኩ፣ ገጽ እየገለበጥኩ። አሁን አንድ ሰው ከልቡ ጠየቀኝ።

«አላውቅም ሀርሜ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ስንት ዓመት ያለፈውን ማን ያውቃል? ልጅ በብርድም ይሞታል፣ በሌላም ይሞታል። ግን እንደዚያ ስል ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

«ለአገሩ ሁሉ ስትነግሪ ታውቂ አልነበር?» አሉ። አልተቆጡም። ልጄ ጡቴን ለቅቃ ስታለቅስ ትንሿን ጣታቸውን ሰጧት፤ ወዲያው ይዛ መጥባት ጀመረች። አልነጠቋትም።

«የመጀመሪያዋም እንዲህ ይዛኝ ነበር» አሉ። «በሁለተኛው ቀን ለቀቀችኝ።»